ሰዓቱን የነገረዎት ከርነሉ አይደለም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለኝ። የደንበኞችን ሥራ የምናስቀምጠው ሊኑክስ በተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በተሰካ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ የዲስኩ ገመድ ተነቅሎ አገኘሁት፤ የአንድ ሠርግ መጥሪያ ፋይልም ተበላሽቷል። ከሰዓት በኋላ የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ መዝገብ የሚያሳየውን «ዲሜሴጅ» (dmesg) የሚለውን ትዕዛዝ ከትልቁ ቲ (-T) ጋር ብሰጠው፣ ዲስኩ የተነቀለው ሰኞ 19:30 እንደሆነ አሳየኝ፤ በእኛ አቆጣጠር ምሽት 1:30 መሆኑ ነው። ሱቁን የዘጋነው 12 ሰዓት ላይ ነበር። ከእኔ ሌላ ቁልፍ የያዘው አንድ ሠራተኛዬ ብቻ ነው። ልጁ «አልገባሁም» ብሎ ይምላል፤ እኔ ግን ቁልፉን ተቀብዬዋለሁ። የከርነል መዝገብ ይዋሻል እንዴ? ቅጂውን ከነሰከንዱ አያይዣለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከልጁ በፊት ላፕቶፑን መጠየቅ ነበረብዎት። ሰኞ ማታ ሲወጡ ክዳኑን ከድነውት ሄደዋል አይደል? የላኩት ቅጂ እንደዚያ ይላል። የተኛ ማሽን ደግሞ ምሽት 1:30 ላይ የሆነውን ነገር ሊጽፍ አይችልም።

ከርነሉ በእያንዳንዱ መልእክት ፊት በቅንፍ የሚያስቀምጠው ቁጥር የቀን ሰዓት አይደለም። ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ነው የሚቆጥረው፣ ከነጥብ በኋላ እስከ ስድስት አሃዝ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ሁሉ 0.000000 የሚሉት ለዚህ ነው። እንዲህ የተሠራው በስንፍና አይደለም። ከርነሉ መጻፍ የሚጀምረው የቀኑን ሰዓት ከማወቁ በፊት ነው፤ የቀን ሰዓት ደግሞ ሰው ሲያስተካክለው ወደኋላም ወደፊትም ይዘላል። የሰከንዱ ቆጠራ ግን አይዘልም። አንድ ጠባይ ብቻ አለው፦ ማሽኑ ሲተኛ እሱም ይቆማል፣ ሲነቃ ካቆመበት ይቀጥላል።

ትልቁ ቲ ታዲያ ምን ያደርጋል? ማሽኑ የተነሣበትን ሰዓት በስሌት ያገኝና ሰከንዱን ይደምርበታል። ግምት ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም፤ የትዕዛዙ መመሪያ ራሱ ሰዓቱ ትክክል ላይሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል። መመሪያ የሚያነብ ሰው ግን የት አለ!

አሁን ወደ እርስዎ ቅጂ ልመለስ። ላፕቶፑ የተነሣው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። 36,000ኛው ሰከንድ ላይ «ወደ እንቅልፍ መግባት» የሚል መስመር አለ። 36,000 ሰከንድ 10 ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ 2 ላይ ሲደመር ልክ ማታ 12፣ ሱቁን የዘጉበት። ቀጥሎ ባሉት ጥቂት መስመሮች፣ በ36,002 ላይ፣ «ከእንቅልፍ መውጣት» ይላል። በሁለቱ መካከል መዝገቡ ያየው ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሌሊቱ በሙሉ የገባው ግን እዚያ ውስጥ ነው። ዲስኩ የተነቀለው በ41,400 ላይ ነው፤ ማሽኑ ከነቃ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ማለት ነው። ማክሰኞ ክዳኑን የከፈቱት እንደ ሰኞው ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ፣ ገመዱ የተነቀለው ማክሰኞ ጠዋት 3:30 ነው። ትልቁ ቲ 14 ሰዓት እንቅልፍ ስላልቆጠረ መልእክቱን ወደ ሰኞ ምሽት ጎትቶ ወሰደው።

አዲሶቹ የዲሜሴጅ ስሪቶች የእንቅልፉን ጊዜ ያካክሳሉ፤ ነገር ግን ልክ የሚሆነው ከመጨረሻው መንቃት በኋላ ላለው ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ደግሞ ወደፊት ይገፉታል። ስለዚህ በአዲስ ስሪትም አይኩራሩ።

የማይተኛ ሰርቨር ያለውም ቢሆን አይታበይ። በአንድ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሦስት ወር ሳይጠፋ የሠራ ሰርቨር ነበረን። መዝገቡን ከበር ካሜራው ምስል ጋር ሳስተያይ ስድስት ደቂቃ ያህል ተለያዩብኝ፤ ግማሽ ቀን ከካሜራው ጋር ተጣላሁ። ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም። የሰከንዱ ቆጣሪ በኢንተርኔት ሰዓት አይስተካከልም። ከሚሊዮን ሰከንድ 50 ያህል ቢሳሳት በቀን ከ4 ሰከንድ በላይ ይሆናል፤ በ90 ቀን ስድስት ደቂቃ ተኩል።

ከእንግዲህ «ጆርናልሲቲኤል» (journalctl) የተባለውን ትዕዛዝ ከትንሹ ኬ (-k) ጋር ይጠቀሙ። እሱ መልእክቱ የደረሰበትን የቀን ሰዓት ወዲያውኑ ከሰከንዱ ጋር አብሮ ስለሚመዘግብ እንቅልፍ አያሳስተውም። ማሽኑ ገና ሲነሣ የተጻፉት መልእክቶች ግን ለእሱ በአንድ ጊዜ ተከማችተው ነው የሚደርሱት፤ እነሱን በሰከንዳቸው ያንብቧቸው። ሌላም ቀላል ዘዴ አለ፦ በየሰዓቱ ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ከርነሉ መዝገብ ራሱ የሚጽፍ አንድ መስመር ትዕዛዝ ያስቀምጡ። የቀኑ ሰዓትና ሰከንዱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ማስላት ይቀራል።

የላፕቶፑ ሰዓት ራሱ ትክክል መሆኑንም ይዩ። የሰዓት ባትሪ የሌላቸው ብዙ ራውተሮች ሲነሡ ጥር 1 ቀን 1970 ይላሉ፣ በፈረንጆቹ። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ይዞ «በንጉሡ ዘመን የገባ ሌባ አለ» ያለኝ ወዳጅ አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት 3:30 ላይ ሱቁ ክፍት ነበር፤ እርስዎም እዚያው ነበሩ። ገመዱ ደንበኛ በሚቆምበት በኩል የሚያልፍ ከሆነ በግድግዳው በኩል ያዙሩት። ቁልፉን ደግሞ ዛሬውኑ ይመልሱለት።