መልስ፦ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የባለሙያ ምክር ይሰማል ወይ?

«የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች በውጭ ጉዳይና በጸጥታ ረገድ በእርግጥ ባለሙያ ይሰማሉ ወይ?» ብለው ላነሱት ጥያቄ አንድ አጋጣሚ በመጥቀስ ልመልስ።

በ1947 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመው የብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤት ሥራው ፕሬዚዳንቱን ማማከር ነው፤ የመጨረሻው ውሳኔ የፕሬዚዳንቱ ነው። ሆኖም ምክር ምን ያህል ሊመዝን እንደሚችል ሶቪየት ኅብረት በኩባ የኑክሌር ሚሳይሎች መትከሏ በታወቀበት በኦክቶበር 1962 ታይቷል። የጦር አዛዦቹና የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዲን አቺሰን የአየር ድብደባ እንዲካሄድ ሲወተውቱ፣ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ኩባን በባሕር ኃይል መክበብን መረጡ።

ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው የኦክቶበር 27 ውይይት ነው። ኬኔዲ ሚሳይሎቹ በድርድር የሚወጡ እንደማይመስላቸው ሲናገሩ፣ በሞስኮ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩትና የሶቪየት ኅብረቱን መሪ ክሩሽቼቭን በቅርብ የሚያውቁት ሉዌሊን ቶምፕሰን በዚያው ስብሰባ ላይ እንደማይስማሙ ፊት ለፊት ነገሯቸው፤ ክሩሽቼቭ የሚያስፈልጋቸው «ኩባን ከወረራ አዳንኳት» ብለው የሚናገሩበት መውጫ መሆኑንም አስረዱ፤ ኬኔዲም ምክሩን ተቀበሉ። ንግግሩ በቴፕ ተቀርጾ ዛሬም ይደመጣል። በማግስቱ ክሩሽቼቭ ሚሳይሎቹን ለማንሳት ተስማሙ (አሜሪካም በቱርክ የነበሯትን ሚሳይሎች ለማንሳት በምስጢር ቃል ገብታ ነበር፤ ይህ ካልተነገረ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል)።

በቬትናም ጦርነት ግን የሆነው ሌላ ነው። ሩቅ ምሥራቅን ጠንቅቀው የሚያውቁ ዲፕሎማቶች በ1950ዎቹ በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው ከሥራ በመባረራቸው፣ የአሜሪካ ጦር ወደ ቬትናም ሲላክ እንደ ቶምፕሰን ተነሥቶ የሚሞግት የአካባቢው አዋቂ ከውሳኔው ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበረም።