የዲቲ ካምቢዮ እና አልፈታ ያሉ ብሎኖች

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን አየሁት። የቢሮ ሞተር ሳይክል፣ ያማሃ ዲቲ 125 ይዘህ ከቢቸና ቀበሌ ለቀበሌ ትዞራለህ። ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ እየዘለለ አስቸገረህ። ጋራዥ ስትወስደው በፍሪሲዮን በኩል ያለውን ሽፋን ለመክፈት ሲታገሉ የሁለት ብሎን ራስ ተላጠ፣ ሌላ አንድ ደግሞ ተሰበረ። አሁን «ካርተሩ (ሞተሩንና ማርሹን የያዘው የአሉሚኒየም ቤት) ሙሉ ይቀየር» ብለውሃል። እውነት ነው ወይ ነው ጥያቄህ።

አይደለም። በተሰበረ ብሎን ምክንያት ካርተር አይቀየርም። እኔ ደብረ ማርቆስ ሞተር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ከዚህ የባሰ መጥቶልኝ የተመለሰ ብዙ ነው። ብሎን በሳንቲም ይገኛል፤ የዲቲ ካርተር ግን ፈልገህም ላታገኘው ትችላለህ። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በዚህ ይመዘን፦ ብሎኑ ይሙት፣ ካርተሩ ይትረፍ።

መጀመሪያ ግን ካምቢዮው (የማርሽ ክፍሉ) ራሱ መከፈት አለበት ወይ? የሚዘለው ሁለተኛ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ማርሽ ያስቸግራል? ሁሉም ከሆነ ጣጣው ብዙ ጊዜ ከመቀየሪያው ወይም በደንብ ከማይለቅ ፍሪሲዮን ነው። ይሄ ካርተር ሳይሰነጠቅ፣ ማለትም ሁለቱ ግማሾቹ ሳይለያዩ ይስተካከላል። ሁለተኛ ብቻ ከሆነና ጋዝ ስትሰጠው ከዘለለ የማርሾቹ መያዣ ጥርስ ጠርዙ ተበልቷል፣ ወይም ማርሹን የሚገፋው ሹካ ተጣሟል ማለት ነው። ያኔ መክፈት ግድ ነው።

ቢሆንም በፍሪሲዮን በኩል ያለው ሽፋን ሲወርድ ቸኩለህ አትለፈው። ፍሪሲዮኑ ሲወጣ ከኋላው የማርሽ መቀየሪያው ክንድ ይታያል። ክንዱ ሁለት ጥፍር አለው፤ ከበሮው (ሹካዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ክብ ብረት) ላይ ያሉትን ፒኖች እየጎተተ ነው ማርሽ የሚቀይረው። ማርሹን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ አድርግና ጎንበስ ብለህ እይ። በግራ ጥፍርና በፒኑ መካከል ያለው ክፍተት ከቀኙ ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ እዚያው አጠገብ ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠመዘዝ ማሰሪያ) ያለው ማስተካከያ ብሎን አለ፤ ከመሃል ወጣ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ስታዞረው ክንዱን ይገፋዋል። እሱን አስተካክለህ ዳዶውን አጥብቅ። ከበሮውን የሚይዘው ሞላ ላልቶ ወይም ተሰብሮ እንደሆነም እይ። ሞላ ቀይረው ማርሹ መዝለል ያቆመላቸው ሰዎች አውቃለሁ። «ካርተር ይሰንጠቅ» የሚልህ ሁሉ ይሄን አይቶ ነው የሚለው ብለህ አትመን።

ወደ ብሎኖቹ እንምጣ። ብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ተቀምጦ ውኃ ካገኘው ይነካከሳል፤ ነጭ ዱቄት ይሠራና ክሩን ይሞላዋል። የእናንተ አገር መረሬ ደግሞ ክረምት ላይ ፒኞኑ (ካቴናውን የሚያዞረው የፊት ጥርስ) ዙሪያ ተለጥፎ ይከርማል፤ እርጥበቱን አይለቅም። በዚያ ላይ ካቻቢቴው አይገጥምም። የያማሃ መስቀል ብሎን የጃፓን ልክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ላይ ትንሽ ነጥብ አለችው። ሱቅ የሚሸጠው ተራ የመስቀል ካቻቢቴ ጫፉ ስለሚሾል ጉድጓዱን ሞልቶ አይቀመጥም። ጠበቅ ስታደርገው ወደ ላይ ይገፋና ራሱን ይልጠዋል። የጃፓን ልክ ካላገኘህ የተራውን ጫፍ በሞረድ ትንሽ ቆረጥ አድርገው፤ ጠልቆ ይገባል።

ያልተላጡትን እንዲህ ፍታቸው። ጉድጓዱን በምስማር ጠርገህ ጭቃውን አውጣ። ደብሊውዲ 40 ወይም ናፍጣ አንጠባጥብና እንዲያድር ተወው። ቸኩለህ ከገባህ ናፍጣው ምንም አልሠራም። ጠዋት ካቻቢቴውን አስገብተህ ኋላውን በመዶሻ ጠንከር አድርገህ ምታው። ግጭቱ ነው ዝገቱን የሚሰብረው። በመዶሻ ሲመታ ራሱ የሚዞረው ካቻቢቴ ካለህ ከሁሉ ይሻላል፤ ከአንድ የተላጠ ብሎን ጣጣ ዋጋው ያንሳል። ስድስት ጎን ራስ ያላቸውን ደግሞ ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ (የብሎኑን ራስ የሚያለብስ ቁልፍ) ተጠቀም። ባለ አሥራ ሁለቱ ጠርዙን ይልጣል።

እምቢ ካለ ሙቀት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፤ ቀዳዳው ሰፋ፣ ብሎኑ ላላ ማለት ነው። ስለዚህ የሚሞቀው ብሎኑ ሳይሆን ዙሪያው ያለው ካርተር ነው። እሳት ከፈራህ የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ ቀስ እያልክ አፍስበት። ማርቆስ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ካርተሩ አይጎዳም። በእሳት ከሆነ ግን ቤንዚን ታንኩን አውርድ፣ የረጨኸው ነገር ሁሉ እስኪደርቅ ጠብቅ። ይሄን ሳታደርግ ፊያማ እንዳታቀርብ፣ አደራ።

ለተላጡት ሁለቱ፣ ራሳቸው ጠርዝ ላይ በስለታም መሮ ትንሽ ቁረጥና መሮውን አጋድመህ በሚፈታበት አቅጣጫ በትንሽ በትንሹ ምታ። ካልሆነ በ6 ሚሊ ፑንታ (መሰርሰሪያ) ራሱን ብቻ ቦርቡርና አስወልቀው። ሰው ይሄን ይፈራዋል፤ ያለ ምክንያት። ራሱ ሲወድቅ ሽፋኑ ይወርዳል፣ የቀረው ዘንግ ወጣ ብሎ ይታያል። ጫናው ስለለቀቀው ብዙ ጊዜ በግሪፕ ፒንሳ ያዝ አድርገህ ስታዞረው እሺ ብሎ ይወጣል።

የተሰበረው ነው ከባዱ። ስብራቱ ከካርተሩ ጋር እኩል ከሆነ ላዩ ላይ ዳዶ አስቀምጦ መሃሉን በብየዳ ማያያዝ ነው። የብየዳው ሙቀት ራሱ ይረዳል፤ ትንሽ በረድ ሲል በቁልፍ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዝክ ታወጣዋለህ። በያጁ ግን ከአሉሚኒየም ጋር የሠራ ሰው ይሁን፤ በርና መስኮት ብቻ የሚበይድ አይሁን። ባትሪ ካለው ገመዱ ይፈታ። ጠልቆ ከተሰበረ መሃሉን በነጥብ ምልክት አድርገህ በትንሽ ፑንታ ጀምር፣ ከዚያ በ5 ሚሊ ጨርስ፤ ክሩን በ6 ሚሊ ማስኪዮ (ክር መቁረጫ) ታድሰዋለህ። እንደ ጠመዝማዛ ጥርስ ያለውን ማውጫ እየገረፍክ አታስገባ። ማውጫው ውስጥ ከተሰበረ ፑንታ አይነካውም፤ ያን ጊዜ ነው ካርተሩ የእውነት የሚያሰጋው። ክሩ ከጠፋ ቶርኖ ቤት ወስደህ ቀዳዳውን አስፍተው አዲስ ክር ያስገቡልሃል።

ካርተር መሰንጠቅ ግድ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። ሞተሩ ከቻሲ ሳይወርድ በፊት የፒኞኑን፣ የፍሪሲዮኑንና የቮላኖውን (ከክራንኩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ዳዶ አላላ። ማርሽ አስገብተህ አንድ ሰው የኋላ ፍሬን ሲረግጥልህ ሁሉም በቀላሉ ይፈታሉ። ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ምንም የሚይዘው የለም፤ ያኔ ነው ሰው ማርሽ መሃል መሮ እየከተተ ጥርስ የሚሰብረው። ሮንዴላው የታጠፈ ምላስ ካለው ቀድመህ ቀጥ አድርገው። ቮላኖውን በመዶሻ አትምታ፤ የራሱ መንቀያ አለው፣ ክሩም የግራ ነው፣ እንዳታጠፋው።

የካርተሩን ብሎኖች በዙሪያ እየዘለልክ ሩብ ሩብ ዙር እያላላህ ፍታ። ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ካርቶን ላይ የካርተሩን ቅርጽ ስለህ እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ ሰካው። ረጅሙን አጭሩ ቦታ ብታስገባ ካርተሩን ይሰነጥቃል። ሁለቱን ግማሾች ለማላቀቅ መጋጠሚያው መሃል ካቻቢቴ አታስገባ፤ የተጫረ ፊት ዘይት ያንጠባጥባል። በፕላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን እየመታህ አውጣ።

ያማሃ ድንጋይ ላይ ለሚደረግ የትራያል ውድድር የሠራት ቲዋይ 175 የምትባል ሞተር አለች። የሞተሯ መሠረት ዲቲ 175 ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ፈልገህ የዲቲ ካጣህ የእሷን እይ፤ ሁሉም ነገር አንድ ባይሆንም የአፈታት ቅደም ተከተሉ ያግዝሃል።

ስትገጥም የተላጡትን መስቀል ብሎኖች መልሰህ አታስገባ። በ6 ሚሊ ብሩጎላ (ራሱ ላይ ስድስት ጎን ጉድጓድ ያለው ብሎን) ለውጣቸው፣ ክሩ ላይ ትንሽ ግራሶ ቀባ፣ በአጭር ቁልፍ ብቻ አጥብቅ። ልካቸው 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ክንድህን አትጣልባቸው። ሽፋኑን ከመዝጋትህ በፊት የካምቢዮውን ዘንግ በእጅህ እያዞርክ ከአንደኛ እስከ መጨረሻው ማርሽ ቀይረህ ሞክር።

የፈሰሰው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፣ ፓራኦሊዮዎቹን (የዘይት ማሸጊያ ጎማዎቹን) አብረህ ቀይር። አዲሱ ዘይት የሞተር ሳይክል ይሁን፣ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ይኖረዋል። የመኪናው አንዳንዱ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል።

በያጁ ጋ ከመሄድህ በፊት የተሰበረውን ብሎን ከቅርብ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው። ወጣ ብሎ ከሆነ ብየዳ ሳያስፈልግህ እንነግርሃለን።