«ዝናብ ነበር» ወይስ «ሲያካፋ ዋለ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የየዕለቱን አየር በደብተር እመዘግባለሁ። ደብተሩ ላይ «የአየር ንብረት» ብዬ ጽፌበታለሁ። በየጠዋቱ ቴርሞሜትሩን አያለሁ፤ ጓሮ ያስቀመጥኩት መለኪያ ውስጥ ያደረውን ውሃ እለካለሁ፤ ከዚያ አንድ ሁለት መስመር እጽፋለሁ። የዘንድሮ ሐምሌ ግን ብርዱም ዝናቡም አልጨበጥ ብሎኛል። የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ሁሉም ቀን አንድ ነው፦ «ዛሬ ቀዝቃዛ ነበር። ዝናብ ነበር።» ሲብስብኝ «ውርጭ ነበር» እላለሁ። አማርኛችን ለዚህ ቃል ያንሰዋል? ለንደን ያለው ወንድሜ ደግሞ «በጋው ቀዝቃዛ ሆነብን» ይለኛል። ሐምሌ በጋ ይባላል?

መልስ፦ ቃል አያንሰውም። ጠያቂያችን፣ ደብተርዎን አንድ ዓይነት ያደረገው «ነበር» ነው። «ዝናብ ነበር» መዝነቡን ይነግረናል፤ እንዴት እንደዘነበ፣ እስከ መቼ እንደቆየ አይነግረንም። በአማርኛ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ግሱ ነው።

«ሲዘንብ ዋለ» ይበሉ፤ ቀኑን ሙሉ መሆኑ ታወቀ። «ሲዘንብ አደረ» ካሉ ሌሊቱን ነው። «ሲዘንብ አረፈደ» እና «ሲዘንብ አመሸ» እንዲሁ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። ቀናት ከቆየ «ሲዘንብ ሰነበተ» ይሆናል። «ከረመ» ደግሞ ከ«ክረምት» ጋር ሥሩ አንድ ነው። «እንዴት ከረማችሁ?» የሚለው ሰላምታ መነሻው «ክረምቱን እንዴት አለፋችሁት?» ነው። በጋም የራሱ ግስ አለው፤ «እንዴት ባጃችሁ?» እንላለን። እኔ እነዚህን ግሶች በጣም እወዳቸዋለሁ። የአየር ማስታወሻ ለሚይዝ ሰው ከዚህ የተመቸ መሣሪያ የለም።

ዝናቡ ራሱም ስም ብዙ ነው። ከመምጣቱ በፊት ሰማዩ ይዳምናል፤ ደመናው ያንዣብባል፤ ከሩቅ ያስገመግማል። ሳይዘንብም ፀሐይ ሳትታይ የዋለ ቀን ጨፍጋጋ ነው። ጥቂት ጥቂት ሲጥል «አካፋ» ነው፤ ስሙም ካፊያ። በኃይል ሲወርድ «ዶፍ ጣለ» እንላለን። ኃይለኛ ነፋስ ሲቀላቀልበት ውሽንፍር ይሆናል። ነፋስ እየገፋው በረንዳ ድረስ ገብቶ የሚረጨው ደግሞ ወጨፎ ነው። ሐይቁ ዳር በረንዳ ላይ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው ወጨፎን ያውቀዋል፤ ስሙን ነው የሚረሳው።

ለእንዲህ ያለ ሰሞን ከሁሉም በላይ አደራ የምልዎ «ጋብ አለ» እና «አባራ» እንዳይቀላቀሉብዎ ነው። ጋብ ያለ ዝናብ ኃይሉ ቀነሰ እንጂ አልሄደም። ያባራ ዝናብ ግን ቆሟል። አሁን አንዱን ቀንዎን እንዲህ ይሞክሩት፦

«ማክሰኞ። ጨፍግጎ አረፈደ። ከሰዓት በኋላ አካፋ። 9 ሰዓት ላይ ዶፍ ጣለ፤ ወጨፎው በረንዳ ገባ። 11 ሰዓት ላይ ጋብ አለ እንጂ አላባራም። ሲያካፋ አመሸ።»

እየዘነበ ፀሐይ ብልጭ ካለችም ልጆች እንደሚሉት «ጅብ ወለደች» ብለው ቢጽፉ እኔ ስህተት አልልዎትም። ሁለቱ አብረው መታየታቸውን በሁለት ቃል ጨረሱት ማለት ነው።

ወደ ብርዱ እንምጣ። «ቀዘቀዘ» ስለ አየሩ ነው፤ «በረደኝ» ስለ ሰውየው። ቴርሞሜትሩ 15 ዲግሪ ሲያሳይ እርስዎን ሊበርድዎ፣ ጎረቤትዎን ላይበርዳቸው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ይጻፉ። ቁጥሩን «የሙቀት መጠን» ይበሉት፤ ቢበርድም የሚለካው ሙቀት ነውና። «ሙቀቱ ቀዘቀዘ» የሚለውን ግን ይተዉት። ሙቀት ይቀንሳል፤ የሚቀዘቅዘው አየሩ ነው።

ውርጭን ከሐምሌ ያውጡት። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ስትለቅ ነው። የጥቅምትና የኅዳር፣ በተለይም የደጋው ነው። በክረምት ደመናው ሌሊቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፤ ሙቀቱ ቶሎ አያመልጥም። ቀን ግን ያው ደመና ፀሐይዋን ይከልላታል። የሐዋሳ ሐምሌ የሚበርደው በዚህ ምክንያት ነው። ጠዋት ጣትዎ አልታዘዝ ካለ «ቆፈነኝ» ይበሉ፤ ለእሱም ቃል አለን።

ወንድምዎ አልተሳሳቱም። በአውሮፓ ሐምሌ ሞቃቱ ወቅት ስለሆነ «በጋ» ብለን መተርጎማችን የተለመደ ነው። ያው ቃል ወደ ሐዋሳ ሐምሌ ሲመጣ ግን አይሠራም። በባሕረ ሐሳብ ቆጠራ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። የሜትዮሮሎጂ ባለሙያዎቻችን ደግሞ ዓመቱን ክረምት፣ በጋና በልግ ብለው በ3 ይከፍሉታል፤ በእነሱም ሐምሌ ክረምት ነው። የደብተርዎን ርእስ «የአየር ሁኔታ» ይበሉት። «የአየር ንብረት» የረጅም ዘመን ጠባይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ይወሰድለታል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት «ዛሬ ሌሊት ዘነበ» ስንል ያለፈውን ሌሊት ነው። ማታ «ዛሬ ሌሊት ይዘንባል» ስንል የሚመጣውን። በንግግር ችግር የለውም፤ ደብተር ላይ ግን ከወር በኋላ ያምታታዎታል። «ለረቡዕ አጥቢያ» ብለው ይጻፉ። ማክሰኞ መሽቶ ረቡዕ እስኪነጋ ያለው ሌሊት መሆኑን ማንም አይስተውም። በጣቢያዎቻችን የዕለት ዝናብ የሚለካው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ እርስዎም በዚያው ሰዓት ቢለኩ ጥሩ ነው። ያን ጊዜ የማክሰኞ ከሰዓቱ ዶፍና ለረቡዕ አጥቢያ ያካፋው በአንድ ቁጥር ይገባሉ፤ የትኛው መቼ እንደወረደ የሚለይልዎ የጻፉት መስመር ነው።