በትዝታ የሚሣል ገጠር እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ልትመረቂ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል። የምትሥዪው ያደግሽበትን ገጠር ነው፣ እሱንም በትዝታ። መምህርሽ “ያረጀ ርዕስ ነው” ይላል። ቤተሰብ ደግሞ የተገኘውን የግራፊክ ዲዛይን ሥራ ያዥ ይላል። ማንን ልስማ ነው ያልሽኝ።

በዚህ ከመምህርሽ ጋር አልስማማም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል ደጋግሞ የሣለው ያደገበትን የስቱር ወንዝ ሸለቆ ነው። ትልልቆቹን ሸራዎች የሠራው ግን ለንደን ተቀምጦ፣ ካገር ቤት ካመጣቸው ንድፎች ነው። ጋሪ ወንዝ ውስጥ የሚታይበት ዝነኛ ሥዕሉ በ1821 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲቀርብ ገዢ አላገኘም። በ1824 ፓሪስ ላይ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኘለት። የሮያል አካዳሚ፣ ማለትም የእንግሊዝ ታላላቅ ሠዓሊዎች ማኅበር፣ ሙሉ አባል ሲሆን ዕድሜው 52 ነበር። ኑሮውን የሰዎችን መልክ እየሣለ ይደጉም ነበር። ስለዚህ ቤተሰቦችሽም ያሉት ከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ሥዕሎችሽ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። የላክሽልኝ ፎቶዎች ላይ ሁልጊዜ ጀምበር እየጠለቀች ነው። ዛፉም ያው ዛፍ፣ ሰማዩም ያው ብርቱካናማ። ትዝታ እንዲህ ያደርጋል፤ ዝርዝሩን እየጣለ ደስ የሚለውን ብቻ ያስቀራል። ኮንስታብል በ1821 እና 1822 ለንደን ዳር ሃምስቴድ ላይ ደመና ብቻ ይሥል ነበር። ከብዙዎቹ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ ጽፏል። ደመናው የልጅነቱ ሰፈር ደመና አይደለም፤ ዓይኑን ግን አሠልጥኖበታል። አንቺም አሁን ካለሽበት ቦታ ጀምሪ። ረፋድ ላይ ጥላ ምን ቀለም አለው? ዝናብ የመታው አፈርስ? በየቀኑ በትንሽ ወረቀት ሣዪው። ቤቱን፣ መንገዱን፣ ሰዎቹን ከትዝታሽ አምጪ፤ ብርሃኑን ግን በዓይንሽ ካየሽው ውሰጂ። ትዝታሽ ከእውነተኛው ቦታ ጋር ልክ ላይገጥም ይችላል፤ እሱ ችግር የለውም። ሠዓሊው ማርክ ሻጋል ፓሪስ ሆኖ የትውልድ ቦታውን ቪቴብስክን ሲሥል አንዳንድ ቤቶችን ገልብጦ አቁሟቸዋል።

ሥራውን ያዢው፤ ግን ስለ ሰዓቱ ተደራደሪ። ለደመወዝ ከመከራከር ይልቅ ሁለት ሙሉ ቀን ነፃ ብታገኚ ይሻልሻል። ማታ በአምፖል የተቀባ ቀለም ጠዋት ሌላ ሆኖ ይጠብቅሻል፤ ይህን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ፖርትፎሊዮው ውስጥ፣ ማለትም ለጋለሪ በምታሳዪው የሥራ ስብስብ ውስጥ፣ የሠራሽውን ሁሉ አትክተቺ። ስለ አንድ ቦታ የሚናገሩ፣ በተለያየ ሰዓትና ወቅት የተሣሉ ከ12 እስከ 15 ሥዕሎች ይበቃሉ። ስለ ሥዕሎችሽ በምትጽፊው መግለጫ ላይ “ናፍቆት” የምትለዋን ቃል ሰርዣት፤ ሁሉም ይጽፋታል። ያየሽውን ጻፊ። ጋለሪ ሲቀበልሽ ደግሞ በወረቀት ተዋዋዪ። ብዙዎቹ ከሽያጩ ግማሽ ያህሉን ይወስዳሉ፤ መቼ እንደሚከፍሉሽና ሥዕል ቢበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ይጻፍ። ስቱዲዮሽ ለሚመጣ ገዢም ከጋለሪው ዋጋ ቀንሰሽ አትሽጪ፤ ባለ ጋለሪው ከሰማ ሁለተኛ አይጠራሽም።

ከመመረቂያ ኤግዚቢሽኑ በፊት ጀምበር የሌለችባቸውን ጥቂት ሥዕሎች ላኪልኝና ስለ ፖርትፎሊዮው እንነጋገራለን።