የሄደር ፋይል ጣጣ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ ስትጽፉ ሄደር ፋይል (ብዙ ፋይሎች የሚጋሩትን መግለጫ የሚይዘው ፋይል) ካስቸገራችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። በተራ ልመልስ።

«ተማሪ የሚል ስትራክት (የተለያዩ መረጃዎችን አንድ ላይ የሚይዝ ዓይነት) የጻፍኩት አንዴ ብቻ ነው። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ግን ሪዴፊኒሽን (ደግመህ ገልጸኸዋል) ይለኛል።»

አንተ አንዴ ጻፍከው፣ እሱ ሁለቴ አነበበው። ኢንክሉድ ማለት ፋይሉን እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ሜይን ፋይልህ የተማሪን ሄደር ይጠራል፣ የክፍልንም ይጠራል። የክፍል ሄደር ደግሞ በጓሮ በር ተማሪን ይዞ ይገባል። ሄደሩ አናት ላይ ኢፍንዴፍ እና ዲፋይን፣ መጨረሻው ላይ ኤንድኢፍ አድርግ። ስሙ አንዴ ከተመዘገበ ሁለተኛው ንባብ ይዘለላል፤ ኢንክሉድ ጋርድ የሚባለው ይኸው ነው።

«ፕራግማ ዋንስስ?»

«ይህን ፋይል አንዴ ብቻ አንብብ» የሚል አንድ መስመር ነው፤ የቋንቋው ስታንዳርድ ውስጥ የለም። ቢሆንም ጂሲሲ፣ ክላንግና የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ይቀበሉታል፤ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። አንድ ጊዜ በጋርድ ስጠቀም ሄደር ኮፒ አድርጌ የጋርዱን ስም መቀየር ረሳሁ። ሁለተኛው ፋይል ድምፁን አጥፍቶ ባዶ ሆነ። ስትራክቱ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ ኮምፓይለሩ «አላውቀውም» ይላል። ግማሽ ቀኔን በላው።

«ጋርድ አለኝ። ሊንከሩ (ኮምፓይል የሆኑትን ፋይሎች የሚያገናኘው) ግን አሁንም መልቲፕል ዴፊኒሽን (ብዙ ጊዜ ተፈጥሯል) ይላል። ምን ላድርግ?»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው እህቴ። ጋርድ የሚጠብቅሽ አንድ ሲ ፋይል ኮምፓይል እስኪሆን ብቻ ነው። ቀጣዩ ፋይል ሲመጣ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ሄደሩ ውስጥ

ኢንት ቆጣሪ = 0;

ብለሽ ከሆነ፣ ሄደሩን የጠሩት ሁለት ፋይሎች የየራሳቸውን ቆጣሪ ይፈጥራሉ። ሊንከሩ የቱን ይምረጥ? ሄደሩ ላይ

ኤክስተርን ኢንት ቆጣሪ;

በዪ፤ ይህ «የሆነ ቦታ አለ» ማለት ብቻ ነው። ዋጋ የሰጠሽበትን መስመር አንድ ሲ ፋይል ውስጥ አስገቢው። ፈንክሽንም እንደዚያው ነው፦ ስሙና የሚቀበለው ሄደር ላይ፣ ሥራው ሲ ፋይል ውስጥ። በሲ ፕላስ ፕላስ 17 ከሆነ የምትጽፊው፣ ቫሪያብሉን ኢንላይን ብለሽ እዚያው ሄደሩ ላይ መተው ትችያለሽ።

«እኔ ሄደሩ ላይ ያለውን ቆጣሪ ስታቲክ ብዬው ኤረሩ ጠፋ።»

ኤረሩ ጠፋ፣ በሽታው ግን አለ። እያንዳንዱ ፋይል የራሱን ቅጂ ያዘ ማለት ነው። አንዱ ጋ ቆጣሪውን 5 ታደርገዋለህ፣ ሌላው ጋ 0 ታገኘዋለህ። ለቋሚ ቁጥር ምንም አይደል፤ ለሚለዋወጥ ነገር ግን ጉድ ነው።

«ለዓመታት ሲሠራ የኖረ የሲ ኮድ ኮምፓይለር ስንቀይር እምቢ አለ።»

ጂሲሲ 10 ወይም ከዚያ በላይ ጭናችሁ መሆን አለበት። ከ2020 በፊት የነበሩት፣ ዋጋ ያልተሰጠው «ኢንት ቆጣሪ;» በየፋይሉ ቢደጋገም ዝም ብለው አንድ ያደርጉት ነበር። አሁን አይታገሥም። ኤፍ ኮመን የሚለው አማራጭ የድሮውን ጠባይ ይመልሳል፤ ለዛሬ ማታ ይሁን፣ ነገ ኤክስተርን ጨምሩ።

«ሁለት ሄደሮች እርስ በርስ ቢጠራሩስ?»

በፖይንተር (በአድራሻ) ብቻ የሚተዋወቁ ከሆነ ኢንክሉዱን አጥፋና «ስትራክት ክፍል;» ብለህ ስሙን አሳውቅ፤ ይበቃል።

«ሲ ፋይሉን ራሱን ኢንክሉድ ባደርገውስ?»

ኧረ በናትህ! ያ ፋይል ለብቻውም ኮምፓይል ከሆነ ሊንከሩ እንደገና ይጮህብሃል።