ነጥብ ከመስጠትሽ በፊት ዘበኛው የት እንደሚያድሩ እይ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ፍኖተ ሰላም አካባቢ እህል መጋዘን ላይ በደህንነት ባለሙያነት ከተቀጠርሽ ገና ሁለት ወርሽ ነው። ሥራ አስኪያጁ «የኬሚካሉን ሪስክ አሰስመንት (የአደጋ ግምገማ) በሁለት ሳምንት አምጪ» ብሎሻል። አንቺም ከኢንተርኔት ያገኘሽውን ባለ አምስት በአምስት ሠንጠረዥ፣ ያን ለጉዳቱ ክብደትና ለመድረስ ዕድሉ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበትን ይዘሽ «ለፎስቶክሲን፣ ለነቀዝ መግደያው ኪኒን፣ ስንት ነጥብ ልስጠው?» ብለሻል። ነጥቡን ኋላ እነግርሻለሁ። እኔ ቡሬ አካባቢ መጋዘን ላይ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያንኑ የመሰለ ሠንጠረዥ በትክክል ሞልቼ ሰው ልገድል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሐምሌ ነበር። የበቆሎው ክምር ነቀዝ ስለያዘው ሸራ አልብሰን ኪኒኑን አስገባን። ሠንጠረዡን የሞላሁት ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ ነው። «የሚጋለጥ ሰው» በሚለው ዓምድ «ኪኒን የሚያስቀምጡ ሁለት ሠራተኞች» ብዬ ጻፍሁ። ጭምብል ሰጥቻቸዋለሁ፣ ነጥቡ ወረደ፣ ሣጥኑ አረንጓዴ ሆነ፣ ፈረምሁ። የዘበኛው ክፍል ግን ከመጋዘኑ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች ናት። ግድግዳው ጣራው ድረስ አይደርስም፤ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ነው። ያን ስንት ዓመት ሳየው ኖሬያለሁ! እኛ «አያ» የምንላቸው ዘበኛ ብርዱ ሲጠናባቸው በሩ ሥር ጆንያ ወትፈው ተኙ።

ጠዋት ስንደርስ ደጅ ተቀምጠው ያስመልሳቸዋል። ራሳቸውን ይዘዋል፣ ደረቴን ጨመደደኝ ይላሉ። ሁሉም «ምች ነው» አለ፤ አንዷ ዳማከሴ ልትቆርጥ ሮጠች። በሐምሌ ምን ፀሐይ አለና ነው ምች የሚመታው ያለ አንድም ሰው የለም፣ እኔም ጭምር። በኋላ አንዱ ጫኝ «ሌሊት ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ ሲሉ ነበር» አለኝ። እግሬ ከዳኝ። መኪና ለምነን ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ እንደ ዕድል የኪኒኑን ባዶ ቆርቆሮ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀንም «ምን ነካቸው?» ብሎ ነው። ኪኒኑ ለሚለቀው መርዛማ ጋዝ፣ ለፎስፊን፣ ማርከሻ የሚባል መድኃኒት የለም። ኦክስጅን ሰጥተው፣ ልብና ሳንባቸውን እየተከታተሉ ሁለት ሌሊት አስተኟቸው። ተረፉ። ዛሬም ሲያገኙኝ «ያ ሽንኩርትህ እንዴት ነው?» ይሉኛል።

ሂሳቡን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ኪኒን 3 ግራም ይመዝናል፤ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ 1 ግራም ፎስፊን ጋዝ ይለቃል። ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል ውስጥ ያ 1 ግራም ቢገባ አየሩ ከ30 ፒፒኤም በላይ (ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ከ30 እጅ በላይ ማለት ነው) ፎስፊን ይይዛል። ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን በብዙ ቦታ ሲሠራበት የኖረው ወሰን 0.3 ፒፒኤም ነው። አየሽው? ከአንድ ፍሬ የሚወጣው ጋዝ ብቻውን የዘበኛን ክፍል ከመቶ እጥፍ በላይ ያሳልፈዋል፤ እኛ በዚያ ክምር ላይ ያስገባነው ደግሞ በቆርቆሮ የሚቆጠር ነበር። ሽታውንም አትመኚው። አፍንጫ ይለምደዋል፣ ሽታው የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ወሰኑ ካለፈ በኋላ ነው። በእጅ የሚሳብ የጋዝ መለኪያ ቱቦ ወይም ኤሌክትሮኒክ መለኪያ አስገዢ። ሥራ አስኪያጁ ውድ ነው ካለሽ፣ ፎስፊን መዳብ እንደሚበላ ንገሪው፤ የኛ ዲጂታል ሚዛን እህሉን በኪኒኑ ለሦስተኛ ጊዜ ካጠንን በኋላ ሞቶ ቀረ። የሚዛኑን ዋጋ ሲሰማ ነው የኛ አለቃ ጆሮውን ያቆመው፤ ስለ ዘበኛው ሲሰማ እንኳ እንደዚያ አልደነገጠም።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱን አስቀምጪና ዙሪያውን ዙሪ። አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ማታ፣ አንድ ቀን እሁድ። እህል የሚያበጥሩት ሴቶች የትኛው ግድግዳ ጥላ ሥር ነው የሚቀመጡት? ልጅ ይዘው ይመጣሉ? ተራ የሚጠብቅ ሾፌር የት ይተኛል? ሸራው የመኪና ሸራ ነው ወይስ ቀዳዳ የሌለው ወፍራም ላስቲክ? (የኛ የመኪና ሸራ ነበር፤ ጋዙን እንደ ወንፊት ነው የሚያሳልፈው።) ጠርዙ በአሸዋ ከረጢት ተጭኗል ወይስ በድንጋይ እዚህም እዚያም? ይህን የሚያውቀው ጫኙ ነው። ቢሮ ጠርተሽ ከጠየቅሽው «ሁሉም ደህና ነው» ይልሻል፤ አብረሽው ቆመሽ ሻይ እየጠጣችሁ ከሆነ ግን ባለፈው ክረምት ኪኒኑ ጋዙን ከለቀቀ በኋላ የሚቀረውን አመድ ቆሻሻ ላይ ደፍቶት ዝናብ ሲነካው ጭስ እንደወጣ ይነግርሻል። እኔ የሰማሁት እንዲያ ነው። ያልጨረሰ አመድ ውስጥ ገና ጋዝ አለ፤ ተከማችቶ ውኃ ሲያገኝ እሳት ሊያነሳ ይችላል። በምርቱ መመሪያ መሠረት ደጅ ላይ፣ ሳሙና ያለበት ውኃ ባልዲ ውስጥ አመዱን ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ነው የሚያረክሱት። አመዱ ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ አመዱ አይጨመርም።

ሻጩን የደህንነት መረጃ ወረቀቱን ጠይቂው። 16 ክፍል አለው፤ ሁሉንም አትሸምድጂ፤ ክፍል 2፣ 4፣ 7፣ 8 እና 10 ይበቁሻል። ወረቀቱ ስለ ዕቃው እንጂ ስለ መጋዘንሽ ምንም አይነግርሽም።

አሁን መፍትሔው ላይ። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከጭምብል ነው፤ እኔ የምጨርሰው በእሱ ነው። መጀመሪያ «ኪኒኑ ያስፈልጋል ወይ?» በይ። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ይህን የጎጃም ገበሬ ሁሉ ያውቃል። እኛ ግን ጤፍና በቆሎ አደባልቀን ስለምናከማች ሁሉንም አንድ ላይ እናጥን ነበር። ስንለያቸው የኪኒኑ ፍጆታ በግማሽ ገደማ ወረደ፤ አንድ ሳንቲም ሳናወጣ። ቀጥሎ በቆሎውን እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች ሳይሆን አትቀበዪ፣ አሮጌ ጆንያ ሳይጸዳ አታስገቢ። ለዘርና ለጥቂት ኩንታል አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዙን ያለ ኬሚካል ይገድለዋል። ከዚህ የተረፈው ነው የሚታጠነው፤ እሱም የተያያዘ ክፍል በሌለበት ወይም ባዶ በተደረገበት፣ ዓርብ ከሰዓት ሳይሆን ሰው ሊከታተለው በሚችልበት ቀን። ቀዝቃዛ አገር ነን፤ ሙቀቱ ሲወርድ ኪኒኑ ይዘገያል፣ ቀኑም ይረዝማል። እኛ ከ7 ቀን በታች አንከፍትም፤ ከከፈትንም በኋላ አናፍሰን፣ ለክተን ነው ሰው የምናስገባው።

ጭምብሉ ለፎስፊን የተሠራ ማጣሪያ እንዳለው የተጻፈበት፣ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። ያ የጨርቁ ወይም የአቧራው ጭምብል ለጋዝ ምንም ነው፤ እንዲያውም ሰውየውን ያደፋፍረዋል።

አንድ ነገር በጥብቅ እለምንሻለሁ፤ ኪኒኑ ተቆልፎበት፣ በፍሬ ተቆጥሮ ይመዝገብ። ጫኞቹ «ሁለት ፍሬ ለቤቴ» ይሉሻል፤ ክፋት የላቸውም፣ እህላቸው እየተበላ ነው። የገጠር ቤት ግን እህሉም ልጁም አንድ ጣራ ሥር ነው የሚያድረው። እምቢ በዪና በምትኩ ከረጢቱን የሚያገኙበትን መንገድ ፈልጊላቸው። ዘመድ ቢሆንም እምቢ።

ሌላው ቶሎ የሚያልቅ ነው። ማላታዮኑ (የተባይ መግደያው) ዱቄት፣ የባትሪው አሲድ፣ ናፍጣው ስማቸው ላያቸው ላይ ተጽፎ፣ ከእህል ተለይተው ይቀመጡ፤ በሃይላንድ ጠርሙስ የተገለበጠ ነገር ካየሽ ዛሬውኑ አስወግጂ። ምንም ወረቀት የሌላቸውን ሁለቱን ግን አትርሺ። አንዱ የእህሉ አቧራ ነው፤ ከጫኞቹ ስንቱ ማታ ማታ እንደሚያስል ጠይቂ። ሌላው ዘበኛው ክፍላቸው ውስጥ የሚያነዱት ከሰል ነው።

ነጥቡን ጠይቀሽ ነበር። የጉዳቱ ክብደት 5 ነው፤ ሞት ነውና። ጭምብል ሰጠሽም፣ ሥልጠና ሰጠሽም 5 ይቀራል። ሊወርድ የሚችለው የመድረስ ዕድሉ ብቻ ነው፤ እሱም በጭምብል ሳይሆን ግድግዳው ሲደፈን፣ ክፍሉ ሲዛወር፣ መለኪያው ሲገዛ ነው የሚወርደው። የኔ ስሕተት ጭምብል በሰጠሁበት ሁለቱንም ማውረዴ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቀይ ሣጥን አልወድም ካለሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን አሳዪው። አሠሪው አደጋውን ለሠራተኛው የማሳወቅ፣ መከላከያ የማቅረብ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በራሱ ወጪ የማስመርመር ግዴታ አለበት። እኔ በዚያ ሐምሌ አንዱንም አላደረግሁም ነበር፤ አያም የኬሚካል ሠራተኛ ተብለው ስለማያውቁ ስማቸው የትም አልነበረም።

የናንተ ዘበኛ የት እንደሚያድሩ ነገ ማታ ሄደሽ አይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ግድግዳው ጣራ ድረስ መድረሱንም እይ።