ጥያቄ ይዛችሁ ለምትቀመጡ የባሕር ዳር ልጆች

ልጆቼ፣

«ለምን እንኖራለን? ስንሞትስ ምን እንሆናለን? እኔ የምለው ይህ ማን ነው?» እያላችሁ የምትጠይቁ ብዙ ናችሁ። ከእናንተም መካከል በስልካቸው ከውጭ አገር የዜን ማኅበራት ጋር መቀመጥ የጀመሩ አሉ፤ ዜን በዝምታ ተቀምጠው የሚለማመዱት የቡድሂዝም መንገድ ነው። የምጽፈው ለእነሱና ሊጀምሩ ለሚያስቡ ነው። ጥያቄው ከባድ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ አያያዙን ግን እወቁ። ብዙው ጀማሪ በአንድ ወር ውስጥ የሚያቆመው ጥያቄው አሸንፎት አይደለም። ጉልበቱን አሞት፣ ሰዓት ተምታቶበት ወይም በሳምንት መልስ ጠብቆ ነው።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን ውስጥ ባሱዊ የሚባል መነኩሴ ነበር፤ የኖረው እ.ኤ.አ. ከ1327 እስከ 1387 ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና የ4 ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። በ7 ዓመቱ የአባቱ መታሰቢያ ሲደረግ፣ ለሟቹ የቀረበውን ምግብ አይቶ «አባቴ ሞቷል፤ ታዲያ ይህን እንዴት ይበላዋል?» ብሎ መነኩሴውን ጠየቀ። ሥጋው ቢሞትም ነፍሱ ትቀበለዋለች አሉት። ልጁ አልረካም። ነፍስ የሚባል ነገር ካለ በእኔም ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ምን ይመስላል? እያለ ዓመታት ቆየ። ተዝካር ሲወጣ እያየ ያደገ የጎጃም ልጅ ይህን ጥያቄ ማንም ሊያብራራለት አያስፈልግም። ባሱዊ አስተማሪ በሆነ ጊዜ ለሚመጡት ሰዎች የሚሰጣቸው ያንኑ ጥያቄ ነበር፤ አሁን ይህን ድምፅ የሚሰማው ማን ነው? መልሱን ግን አልሰጣቸውም። ተቀምጠው ራሳቸው እንዲያዩት ነበር የሚነግራቸው።

እንግዲህ አቀማመጡን እንየው። ዶገን የተባለው መምህር እ.ኤ.አ. በ1227 ከቻይና ወደ ጃፓን ሲመለስ የጻፈው የመቀመጥ መመሪያ ስለ ትራስ፣ ስለ እጅ፣ ስለ ምላስ፣ ስለ ዓይን ሳይቀር ይናገራል። እናንተም ከዚያ ጀምሩ።

ወለል ላይ ሰሌን ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፉ። በላዩ ጋቢ ደጋግማችሁ አጥፉና ስትቀመጡበት ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚቀር ከፍታ ይኑረው። ለስላሳ ትራስ አይሆንም፤ ይሰጥማል፣ ዳሌ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ወገብ ይጎብጣል፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጀርባ መንደድ ይጀምራል። የተቀመጣችሁበትን ሙሉውን አትያዙት፤ የፊተኛው ግማሽ ላይ ብቻ ተቀመጡ። ሁለቱ ጉልበቶችና መቀመጫችሁ ሦስት እግር ሆነው መሬት መያዝ አለባቸው። አንዱ ጉልበት አየር ላይ ከተንጠለጠለ ከሥሩ ነጠላ አጥፉበት ወይም ከፍታውን ጨምሩ። አንዱን እግር በሌላው ጭን ላይ መስቀል ግዴታ አይደለም፤ ሁለቱን ቁርጭምጭሚት አንዱን ከሌላው ፊት ወለሉ ላይ ማስተኛት ይበቃል። ለማይችል ወንበር አለ፤ መደገፊያውን ሳይነኩ፣ ሁለቱም እግር መሬት ረግጦ።

ቀጥሎ ግራ እጅ በቀኝ መዳፍ ላይ፣ ከእምብርት በታች፣ አውራ ጣቶች ለስለስ ብለው ተነካክተው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ራሳችሁን የምትቆጣጠሩበት ነው። ሐሳብ ሲወስዳችሁ ጣቶቹ ይለያያሉ፤ ስትጨናነቁ ደግሞ ተገፋፍተው ሽቅብ ይቆማሉ። አፍ ተዘግቶ፣ ምላስ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ላንቃን ነክቶ። ዓይን ግማሽ ክፍት ሆኖ አንድ ሜትር ያህል ከፊት ወለሉ ላይ ይረፍ። ጀማሪ ዓይኑን መጨፈን ይወዳል፤ የጨፈነ ግን ወይ ይተኛል ወይ ያልማል።

ትንፋሽ ስታወጡ ብቻ ቁጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አሥር። ከዚያ እንደገና ከአንድ። ከጠፋባችሁ ሳትበሳጩ ወደ አንድ። ሳታውቁት 17 ከደረሳችሁም ወደ አንድ፤ ቁጥሩ በልማድ ሲሮጥ እናንተ ሌላ ቦታ ነበራችሁ። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት በቀን 10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 15፣ በ2 ወር ገደማ 25 ደቂቃ ድረሱ። በሳምንት አንድ ቀን 2 ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሻላል። እግር ቢደነዝዝ አያስፈራም፤ ስትጨርሱ ግን ደም እስኪመለስ ጠብቁና ተነሡ፤ ዘሎ የተነሣ ቁርጭምጭሚቱን ይወለምታል። ጉልበት ውስጥ እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ሲመጣ ግን ወዲያውኑ ቀይሩ። ሕመም በመቻል ጥበብ አይገኝም፤ ጉልበት ግን ይበላሻል።

በባሕር ዳር ሙቀት ከምሳ በኋላ መቀመጥ እንቅልፍ መጥራት ነው። ከንጋቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ያለው አየር ከሁሉም የተሻለ ነው። ማታ ከሆነ ትንኝ አለ። የጣና ዳር ደግሞ የወባ አገር ነው፤ ስለዚህ «ልቻለው» አትበሉ፤ አጎበሩን ወለል ድረስ አውርዳችሁ ውስጡ ተቀመጡ። ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ዶርም ያላችሁም እንዲሁ፤ የአልጋው ፍራሽ ላይ ግን አይሁን፤ ዳሌ ይሰጥማል። ንጋት ላይ የኪዳኑ ድምፅ ማጉያ፣ አዛኑ፣ ባጃጁ ይሰማል። ጸጥታ ፍለጋ አትንከራተቱ። ለባሱዊ ጥያቄ ድምፅ ሲሳይ ነው፤ ድምፁ መጣ፣ የሰማው ማን ነው?

ሰዓቱን አስተውሉ። ማኅበሩ 7:00 ብሎ ሲጽፍ የእኛ 7 ሰዓት አይደለም። የበርሊን ጠዋት 7:00 በእነሱ የብርድ ወራት ለእኛ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በእነሱ የሙቀት ወራት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። የሚለዋወጡት እነሱ ናቸው፤ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፣ የእኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። የኒው ዮርክ የማታ 7:00 ለእኛ ሌሊት 9 ወይም 8 ሰዓት ነው፤ የጃፓን ንጋት 6:00 ደግሞ ሌሊት 6 ሰዓት። በየሌሊቱ እየተነሣ እንቅልፉን ያጣ ተማሪ ዜን ሳይሆን ድካም ነው የሚማረው። ከአውሮፓ ጠዋት ጋር የሚገጥም ማኅበር ምረጡና በሳምንት ሁለቴ ገጥማችሁ፣ የቀረውን ብቻችሁን ተቀመጡ።

5 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ፤ ማይክ ይዘጋ። ስልኩን ከጎን፣ በወገብ ቁመት አቁሙት፤ መምህሩ የጀርባችሁን አቀማመጥ የሚያየው ከጎን ነው። ዳታ ካነሰ ቪዲዮውን አጥፍታችሁ በድምፅ ብቻ መቆየት ይቻላል። የመቀመጡን መጀመሪያና መጨረሻ የሚያበስረው ደወል ተቆራርጦ ከተሰማችሁ ጥፋቱ የኔትወርክ ላይሆን ይችላል፤ የስብሰባ መተግበሪያዎች ደወልን እንደ ጩኸት ቆጥረው ያፍኑታል። ስለዚህ የራሳችሁን የስልክ ሰዓት ሙሉ። ዋናው ደንብ ይህ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ አትነሡ። ስልኩን ሳትነኩ የራሳችሁ ሰዓት እስኪጮህ ቆዩ። ማኅበሩ የሚሰጣችሁ ሰዓትና ጓደኛ ነው፤ መቀመጡ ግን ከኔትወርኩ ጋር አይቋረጥም።

አሁን ወደ ጥያቄው። የቅኔ አገር ልጆች ስለሆናችሁ የተለየ ወጥመድ አለባችሁ። ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ ቤት ባትገቡም ሰምና ወርቅ እየሰማችሁ አድጋችኋል፤ የተሰወረ ቃል ስታገኙ ወርቁን ለማውጣት ትጣደፋላችሁ። ኮአን የሚባለው የዜን ጥያቄ ሲሰጣችሁም እንዲሁ ታደርጋላችሁ። አንድ መነኩሴ ጆሹ የተባለውን የቻይና መምህር «ውሻ የቡድሃ ባሕርይ አለው?» ብሎ ጠየቀው። ጆሹ «ሙ» አለ፤ የለም እንደ ማለት ነው። የቡድሂዝም ትምህርት ደግሞ ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ ይህ ባሕርይ፣ ማለትም የመንቃት ችሎታ፣ አለው ይላል። መምህር ዉመን እ.ኤ.አ. በ1228 ካሰባሰባቸው 48 ኮአኖች የመጀመሪያው ይህ ነው። የእኛ ልጅ «አሃ፣ የለም ያለው ሰሙ ነው፣ ወርቁ ባዶነት ነው» ብሎ ገጽ ሙሉ ይጽፋል። መምህሩ ግን የሚፈልገው ፍቺ ሳይሆን እናንተን ነው፤ ሙ የሆነ ሰው እንዴት ይቀመጣል፣ እንዴት ይመልሳል? ፍቺ ይዞ የገባውን ትንሽ ደወል ደውሎ ያሰናብተዋል። ከቅኔ ቤት ይዛችሁ መግባት ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው። ደቀ መዝሙሩ ብቻውን ዛፍ ሥር ሆኖ ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቆሞ ያቀርባል፤ ሲታረም አይከፋም። ያ ትዕግሥትና ያ መቅረብ ለዜን ሙሉ በሙሉ ይሠራሉ።

ስለዚህ መምህር ሳይኖር ኮአን አትውሰዱ፤ መልስም ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ። ለብቻችሁ ስትሆኑ 5 ደቂቃ ትንፋሽ ቁጠሩና «የሚሰማው ማን ነው?» የሚለውን ከአንድ ትንፋሽ ጋር አንድ ጊዜ አኑሩ፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። እንደ ዳዊት አትደጋግሙት። በቃል የሚመጣ መልስ ሁሉ፣ ያማረውም ጭምር፣ አልፎ ይሂድ። ብርሃን ቢታያችሁ፣ ሰውነታችሁ የጠፋ ቢመስላችሁ፣ የዜን መምህራን ማክዮ ይሉታል፤ ደስ ቢልም አታሳድዱት፣ ቢያስፈራም አትሽሹት።

መምህር ስትመርጡ ማን እንዳስተማረውና ማን እንዲያስተምር እንደፈቀደለት ጠይቁ፤ በምዕራቡ ዓለም በተማሪዎቻቸው ላይ በደል ያደረሱ የዜን መምህራን ስለነበሩ፣ ዛሬ ጥሩ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብና ቅሬታ የሚሰማ ሰው አለው። ከመምህሩ ጋር የሚደረገው የግል ውይይት ዶኩሳን ይባላል፤ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፣ የሚወራውም ስለ መቀመጣችሁ ነው። በሌሊት የግል መልእክት የሚልክ፣ ፎቶ የሚጠይቅ፣ ወይም ለ«ብርሃን ማግኘት» ዋጋ የሚቆርጥ ቢያጋጥማችሁ ሳታመነቱ ውጡ። መዋጮ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ መክፈል የማይችልን መመለስ ግን የጥሩ ማኅበር ጠባይ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሐኩዊን የተባለው ታዋቂ የጃፓን የዜን መምህር (እ.ኤ.አ. 1686–1769) ገና በወጣትነቱ ከልክ በላይ ተቀምጦ ታመመ፤ ራሱ እንደጻፈው ጭንቅላቱ ሲነድ እግሩ በረዶ ውስጥ እንደገባ ይቀዘቅዝ፣ ጆሮው እንደ ወንዝ ይጮህ ነበር። የዳነው፣ እንደጻፈው፣ አንድ ባሕታዊ ዘንድ ሄዶ የተማረውን ሰውነትን የሚያላላ ልምምድ ይዞ ነው። በቅርብ ሐዘን የደረሰበት፣ በጦርነት ያየው የሚመላለስበት ወይም ቀድሞ የአእምሮ ሕመም ያጋጠመው ሰው ዓይኑን ከፍቶ በአጭሩ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ካልተመቸው በጣና ዳር በተለመደ እርምጃ ይራመድ። ለተከታታይ ቀናት እንቅልፍ ከጠፋ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማ፣ የመኖር ጥያቄው ወደ አለመኖር ፍላጎት ከዞረ፣ መቀመጡን አቁሙና ለቤተሰብ ተናግራችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይህ ከዜን መሸነፍ አይደለም፤ ሐኩዊንም እርዳታ ፈልጎ ሄዷል።

ስለ ሃይማኖት ሳልሸፍን እነግራችኋለሁ። ዜን የቡድሂዝም መንገድ ነው። ብዙ ማኅበር ውስጥ መቀመጡ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ስግደቱ፣ የሱትራ (የቡድሂዝም መጻሕፍት) ዜማውና ሥርዓተ ቃል ኪዳኑ ግን የቡድሂስት ናቸው። በእነዚህ ሳይሳተፉ ዝም ብሎ መቀመጥ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ካልተፈቀደ ማኅበር ቀይሩ። ሁጎ ላሳል የተባሉት ኢየሱሳዊ ካህን (እ.ኤ.አ. 1898–1990) ክህነታቸውን ሳይለቁ ዜን ተምረው አስተምረዋል፤ የእናንተ የንስሐ አባት ሌላ ሊሉ ይችላሉና ተደብቃችሁ ሳይሆን ጠይቃችሁ ጀምሩ። ክብራን ገብርኤል ፊት ለፊታችሁ፣ ዳጋ እስጢፋኖስም እዚያው ጣና ላይ ናቸው፤ እዚያ ዕድሜያቸውን ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ በጸሎት የያዙ አባቶች አሉ። ዜኑንና ጸሎቱን አታደባልቁ፤ የጸሎት ሰዓት ለጸሎት ይሁን።

የሁለቱ መጋጠም በተለይ በኅዳር ይመጣል። የዜን ማኅበራት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 እስከ 8 ሮሐትሱ የሚባል ከባድ ሰሺን፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት ጉባኤ፣ ያደርጋሉ፤ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ከኅዳር 22 እስከ 29 ነው፤ ጾመ ነቢያት ውስጥ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ እንቅልፍም ቀንሶ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። በዚያ ሳምንት ጠዋት 25 ደቂቃ፣ ማታ 25 ደቂቃ ብቻ ተቀመጡና ለማኅበሩ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሰሺን መግባት ከፈለጋችሁ ከጾም ውጭ ያለውን፣ መጀመሪያ የአንድ ቀኑን ምረጡ።